«ታዲያ ምን አገኛችሁ?» ላሉን

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ኤክስትራ ዳይሜንሽን ከየት ወዴት» የሚል ነው፣ ከርዝመት፣ ከወርድ፣ ከከፍታና ከጊዜ ሌላ ተጨማሪ አቅጣጫ ይኖር ይሆን ማለት ነው፣ ርዕሱን እነካዋለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ ዛሬ እዚህ የወጣሁት ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር ስላለ ነው።

አብዛኞቻችሁ ያን ቀን ስለነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለሪሰርች ፈንዱ እድሳት ኮሚቴ ፊት የቀረብን ቀን። ከተማሪዎቻችን አንዷ አራት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ግራፍ አሳየች፣ አንዲት ጠመዝማዛ መስመር ናት፣ ከመስመሯ በላይ ያለው ቦታ በሙሉ ግራጫ ተቀብቷል፣ ግራጫው ውስጥ ኤክስትራ ዳይሜንሽን የለም፣ ተፈልጎ ታጥቷል ማለት ነው። ስትጨርስ አንዱ የኮሚቴ አባል መነጽሩን አውልቆ «ታዲያ ምን አገኛችሁ?» አላት። ደግማ አስረዳችው። «እሱስ ገባኝ፣ ግን ምን አገኛችሁ?» አሁንም ያንኑ። ልጅቷ ወደኔ ዞራ አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ፈንዱ እንዳይቀርብን ፈርቼ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ መልሱን ያን ቀን መስጠት ነበረብኝ፣ ይኸው ዛሬ ልስጥ።

ነገሩ የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 1919 ካሉዛ የሚባል ሰው ለአይንስታይን አንድ ጽሑፍ ላከለት፣ ያንተን የግራቪቲ፣ የስበት ማለት ነው፣ ቲዎሪ በአራት ሳይሆን በአምስት ዳይሜንሽን ብንጽፈው የማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግ ራሱ ከውስጡ ይወጣል የሚል። አይንስታይን ሐሳቡ ገረመውም አጠራጠረውም፣ ጽሑፉ የታተመው በ1921 ነው። አምስተኛዋ ዳይሜንሽን ካለች ለምን አናያትም ለሚለው ደግሞ በ1926 ኦስካር ክላይን ተጠቅልላ በጣም ስለጠበበች ነው አለ። ከዛ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል ጠባብ ናት ብለን ተቀመጥን፣ ምክንያቱም በዛ ልክ የጠበበን ነገር የሚነካ መሣሪያ የለም።

በ1998 አርካኒ ሃሜድ፣ ዲሞፖሎስና ድቫሊ የሚባሉ ሦስት ፊዚሲስቶች መጥተው ነገሩን ገለበጡት። ጠረጴዛ ላይ ያለች ምስማር አስቡ፣ ትንሽ ማግኔት ስታስጠጉባት ብድግ ብላ ትነሳለች፣ ከታች ግን መላዋ ምድር እየሳበቻት ነው! ሁለት ፕሮቶኖች መሃል ያለውን የኤሌክትሪክ ግፊት ከግራቪቲያቸው ጋር ብታወዳድሩት ብልጫው 1 ጽፋችሁ 36 ዜሮ ስትደረድሩ የሚመጣው ዓይነት ቁጥር ነው። ለምን? የነሱ መልስ ግራቪቲ ደካማ አይደለም፣ እኛ ወደማንገባባቸው ዳይሜንሽኖች እየተበተነ ነው የሚል ነበር። እነዚያ ተጨማሪ ዳይሜንሽኖች ሁለት ከሆኑ ስፋታቸው እስከ አንድ ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ከዛ በታች ደግሞ ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ግራቪቲ 4 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 16 እጥፍ መሆን አለበት። እና ልብ በሉ፣ ያኔ የኒውተን የግራቪቲ ሕግ ከሚሊሜትር በታች ልክ ይሁን አይሁን በደንብ የለካ ሰው አልነበረም። ከኒውተን በኋላ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ!

ሄደው ለኩት። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች ከፀጉር በቀጠነ የተንግስተን ክር አንድ ጠፍጣፋ ዲስክ አንጠለጠሉ፣ ከስሩ ሌላ ዲስክ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መሃላቸው የኤሌክትሪክ ግፊት እንዳያሳስት ስስ ብረት ተወጥሯል፣ የላይኛው በግራቪቲ ብቻ ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ በብርሃን ይነበባል። መሬቱ ቢርገበገብ፣ ሙቀቱ ትንሽ ቢለዋወጥ ልኬቱ ይበላሻል። ዓመት በዓመት እየተጠጉ በ2020 እስከ 52 ማይክሮሜትር ወረዱ፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት በሉት፣ እዛም ኒውተን ልክ ነው። እንግዲህ ይሄ ነው «ምንም» የተባለው!

ሌላም አለ። ዲሴምበር 2015ን ማን ይረሳል? ሰርን፣ የአውሮፓው የፓርቲክል ፊዚክስ ላብራቶሪ፣ ያሉት አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉ ሁለት ዲቴክተሮች 750 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባል የኃይል መጠን አካባቢ ጥንድ ፎቶኖች፣ የብርሃን ቅንጣቶች፣ በዝተው ግራፉ ላይ ጉብታ አየን ሲሉ፣ እኛ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እስከ ንጋት ሰሌዳ ስንሞላ ነበር፣ ግራቪቶን የሚባለው የግራቪቲ ቅንጣት ይሆን፣ ከተጠቀለለው ዳይሜንሽን የመጣ ይሆን እያልን፣ በዓለም ዙሪያ በጥቂት ወራት ከ500 ያላነሰ ፔፐር ተጻፈ፣ የኛም አንዱ ነው። ኦገስት 2016 ተጨማሪ ዳታ መጣ፣ ጉብታው ጠፋ። ሰሌዳውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስሜቱን አልደብቅም፣ ያማል። ግን ያ የሰርን ባለ 27 ኪሎሜትር ማሽን በ2012 ሂግስ የሚባለውን ቅንጣት አገኘሁ ሲል ዓለም ተነስቶ አጨብጭቧል፣ ያው ማሽን፣ ያው ዲቴክተር፣ እነዚያው ሰዎች «ይሄ የለም» ሲሉ ለምንድነው ባዶ እጅ የሚባሉት? የለም ሲል የማታምኑትን መሣሪያ አለ ሲል በምን ታምኑታላችሁ? «አዎ»ውን ብቻ የሚከፍል ኮሚቴ እኮ ተማሪውን ጉብታ ፈልፍለህ አምጣ እያለው ነው! ዳታ እንዲያጣምም እያስተማረው ነው! ይሄን ፊት ለፊት እንናገር፣ አንፈር!

ሰማዩም ያው ነው የሚለን፣ ሰዓቴ ስላለቀ ቶሎ ልለፍ። በ1987 ስትፈነዳ የታየችው ኮከብ ኑትሪኖዎች፣ በሁሉ ነገር የሚያልፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ለሰከንዶች ያህል ሲደርሱን ቆይተዋል፣ ኃይሏ ወደ ኤክስትራ ዳይሜንሽን ቢያመልጥ ኖሮ ቶሎ በቀዘቀዘች፣ ለሁለት ዳይሜንሽን ይሄ ከላብራቶሪው የበለጠ ጥብቅ ገደብ ነው። የዩኒቨርስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሠሩት ሂሊየምም በክብደት ከተራው ቁስ ሩብ ያህል ነው፣ ያኔ ዳይሜንሽኖቹ ሰፍተው ጠበው የኃይሎቹን ጥንካሬ ቢቀያይሩት ይሄ ቁጥር አይገጥምም ነበር።

አሁን መብራቱን ትንሽ ቀንሱልኝ። ከኋላዬ ያለው ግራፍ ያው የዛን ቀኑ ነው፣ አንድም ነገር አልተነካም። ዛሬ ዶክተር ተብላ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ነይ ልጄ፣ ማይኩን ውሰጂ፣ ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጀምረሽ አስረጂን፣ ዛሬ ማንም አያቋርጥሽም።