ሚሌቼንቶ በቦምቤይ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ በስልክ ፕሮግራሙ ላይ ህንድ አገር ስላሉት የጣሊያን መኪኖች ስናወራ ሰዓቱ አልበቃንም፣ ብዙ ሰው መስመር ላይ ቀረ፣ የመለስኩትንም በጥድፊያ ነው የመለስኩት። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቁጭ ብዬ በደንብ ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ከባትላሜራ (ከቦዲ ሥራ) ጀምሬ ነው፣ ከዛ ህንድ ፑኔ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እጄ ላይ ያለፈው አብዛኛው ደግሞ ፊያት 1100 ነው፣ እኛ ሚሌቼንቶ የምንለው እነሱ ፓድሚኒ የሚሉት። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ (አንዲት እህት፣ ፑኔ ተማሪ)፦ አከራዬ ግቢ ውስጥ የቆመ የ1978 ፓድሚኒ አለ፣ ሽማግሌው በርካሽ ልሽጥልሽ ይሉኛል። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

እህቴ፣ የሞተሩን ነገር ለጊዜው ተይው፣ ሞተር ይነሳል። እኔን ያሰጋኝ "ቀለሙ ጥሩ ነው" ያልሽው ነው። ልክ እንደኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንብበት አገር አርባ ምናምን ዓመት የኖረ መኪና ቀለሙ ካማረ የሆነ ሰው በቅርቡ ቀብቶታል ማለት ነው፣ እና ከቀለሙ ስር ምን እንዳለ ሳታዪ ብር እንዳትሰጪ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ይሄ መኪና እንደ ፒካፕ ለብቻው ሻንሲ የለውም፣ የሚሸከመው ራሱ ቦዲው ነው፣ በተለይ ወለሉና ከበሮቹ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን። ዝናቡ እዛ ውስጥ ይገባና መውጫ ያጣል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፣ ውጭ ላይ ትንሽ እብጠት ስታዪ ውስጡ አልቋል። ስለዚህ ትንሽዬ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከበሩ ስር፣ በጎማዎቹ ዙሪያ፣ ከፊት መብራቱ ኋላ እና በመስታወቱ ግርጌ አስኬጂው፣ ላሜራ ካለ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ምንጣፉን አንስተሽ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጊው። ፖርቶ ባጋሊዮውን ከፍተሽ የኋላው ባሌስትራ (የተደራረበው የብረት ሞላ) የታሰረበትን ቦታ እዪ። መጨረሻ ላይ አንዱን ጎን በክሪክ ትንሽ አስነሺውና በዛ በኩል ያለውን በር ክፈች ዝጊ፣ በሩ እንደ በፊቱ ከተዘጋ ጥሩ ነው፣ አልገጥም ካለ ወይ ከታሰረ የመኪናው ወገብ ሄዷል።

ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ሙምባይ ከሚገኝ አንድ ጋራዥ "ሙሉ በሙሉ የታደሰ" የተባለ የ1972 መኪና መጣልን፣ ሲያዩት መስታወት ነው፣ ስንከፍተው የበሩ ስር ሳጥን በማራቲ (በአካባቢው ቋንቋ) ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ከላይ ስቱኮ ተለጥፎበታል። ባለቤቱ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፣ የአባታቸው መኪና ነው፣ ጋዜጣውን ሳወጣው ቆመው ሲያዩ የነበረው ፊታቸው እስከዛሬ አይጠፋኝም። ስምንት ወር ፈጅቶብን ነው የመለስነው።

ከገዛሽውና ብየዳ ካስፈለገ ደግሞ ይሄን ለባትላሜራው ንገሪው፦ የተበላውን ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ቱቦ አገዳድሞ ይበይደው፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ አንዱን ጎን ሳይጨርስ ሌላውን አይንካ። ይሄን ያልጠበቀ ሰው የመኪናውን ወገብ ያጎብጠዋል፣ ከዛ በኋላ አራቱም በሮች በሕይወታቸው አይገጥሙም።

ጥያቄ (ወንድማችን ከአዲስ አበባ)፦ ጣሊያን ህንድን ገዝቶ አያውቅም፣ እኛ ጋ እንኳን ፊያት ለምን እንደበዛ ይገባኛል። እነሱ ግን ለምንድነው አንድ የጣሊያን መኪና ያን ያህል ዘመን የሠሩት?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በጦርነት አይደለም የገባው፣ በፈቃድ ነው። ዋልቻንድ ሂራቻንድ የሚባል ነጋዴ ነበር፣ መርከብም አውሮፕላንም ፋብሪካ ያቋቋመ ሰው፣ ፕሪሚየር አውቶሞቢልስን በ1944 መሠረተ፣ ፋብሪካው ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ኩርላ ሰፈር ነው። መጀመሪያ የአሜሪካ መኪና ይገጣጥሙ ነበር፣ በ1950ዎቹ ከፊያት ጋር ተዋዋሉና 500ውን ቶፖሊኖን፣ ቀጥሎ 1100ን ጀመሩ። የ1950ዎቹን ክብ ክብ ያለውን 1100 የሙምባይ ሰው "ዱካር" ይለዋል፣ በማራቲ አሳማ ማለት ነው፣ ከፊት ስታየው አፍንጫው በእውነት ይመስላል፣ ስሙን ግን በፍቅር ነው የሚጠሩት። በ1964 "ዲላይት" የሚባለው ባለ ሹል ጭራ 1100 መጣ፣ እሱ ነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕሪሚየር ፕሬዝደንት ተብሎ ትንሽ ቆይቶ በ1974 ፓድሚኒ የተባለው። እስከ 2000 አካባቢ ተሠርቷል። ጣሊያን ራሱ 1100ን ያቆመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፣ እና ህንድ ከአባትየው በኋላ ሠላሳ ዓመት አሳድጋዋለች።

ለምን ቢባል፣ ያኔ መንግስት የውጭ መኪና እንዳይገባ ዘግቶ ነበር፣ ፋብሪካው ስንት መኪና ማምረት እንደሚችልም በፈቃድ ነበር የሚወሰነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ በአብዛኛው ወይ አምባሳደር የሚባለው ሌላው የህንድ መኪና ወይ ፊያት ነው፣ እሱንም ተመዝግበህ ዓመታት ትጠብቃለህ። ሰልፉ የተሰበረው በ1983 ማሩቲ 800 ሲመጣ ነው። እኔ ግን የተዘጋ ገበያ ብቻ ነው ያቆየው የሚል አይዋጥልኝም፣ መኪናው በእውነት ጥሩ ነበር፣ ከአምባሳደር ይቀላል፣ መሪው ጣት ላይ ነው፣ ነዳጁ ቁጥብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ ልጆቻቸው መኪና ይኑረን ብለው ቢጨቀጭቋቸው በ1964 ፊያት ለመግዛት ወሰኑ፣ ዋጋው 12,000 ሩፒ፣ እሳቸው ያላቸው 7,000 ነው፣ የቀረውን 5,000 ከፑንጃብ ናሽናል ባንክ ተበደሩ። ብድሩ ሳያልቅ በጥር 1966 ታሽኬንት ላይ አረፉ፣ ባለቤታቸው ላሊታ ከጡረታ አበላቸው ከፈሉት። መኪናዋ ዛሬም ዴልሂ መታሰቢያ ቤታቸው ቆማለች። የአገር መሪ በብድር የገዛት መኪና ናት፣ ፊት ለፊቷ ስቆም ኮፍያዬን አውልቄያለሁ።

ጥያቄ (ጋሽ፣ ድሬዳዋ፣ የድሮ መካኒክ)፦ ሚሌቼንቶ በወጣትነቴ ሠርቻለሁ። የህንዱ ሞተር ከጣሊያኑ ይለያል ወይ? የዛሬ ቤንዚንስ ይስማማዋል?

ጋሽዬ፣ እጅዎን ይዤ እዛ ጋራዥ ባስገባዎት ደስ ይለኝ ነበር፣ ሁሉንም ያውቁታል። 1,089 ሲሲ፣ አራት ፒስቶን፣ ብሎኩ ብረት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም፣ የማርሽ እጀታው መሪው ስር፣ ፊት ሞላ ኋላ ባሌስትራ፣ አራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን። እኔ ህንድ ስሄድ ቋንቋ ይቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አንድ ቀን የጣሊያኑ የፋብሪካ መጽሐፍ ሲገለጥ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን… ከልጆቹ ሁሉ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ጋራዥ ይዤው የሄድኩት አማርኛ ነዋ! ህንዶቹ ደግሞ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ የመኪናውን የእናት ቋንቋ የሚናገረው ሐበሻው ሆነ።

ወደ ቤንዚኑ ስንመጣ፣ ህንድ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በ2000 አቁማለች፣ ያ ብዙ አልጎዳውም፣ አሉሚኒየም ቴስታታ ስለሆነ የቫልቮላው መቀመጫ ድሮም ለብቻው የገባ ነው። የታክሲ ሞተር ከሆነ ግን ብዙ ዓመት በታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ነው የሄደው፣ ጋዝ ደረቅ ነው፣ መቀመጫውን ያወርደዋል፣ ቴስታታው ሲወርድ ለክቶ በጠንካራ መቀየር ነው። ዛሬ ያለው ትልቁ ጣጣ ኤታኖል ነው። አሁን ህንድ ማደያ የሚቀዳው 20 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል የድሮውን ጎማ ቱቦና የነዳጅ ፓምፑን የውስጥ ስስ ጎማ ያለሰልሰዋል፣ ውሃ ይስባል፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ዝገት ይፈጥራል፣ ዝገቱ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፣ ሰው ደግሞ ካርቡሬተር አለቀ ብሎ ይጥላል። ስለዚህ ቱቦውን ሁሉ ኤታኖል በሚችል መቀየር፣ ከካርቡሬተሩ በፊት ፊልትሮ መግጠም፣ ረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ነዳጁን አፍስሶ ማቆም።

ሌላው ሙቀት ነው። የሙምባይ ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ይነፋል። ብዙ ሰው ትልቅ ራዲያተር ያስገጥማል፣ እኔ አልወደውም፣ የመጀመሪያው ራዲያተርና የብሎኩ የውሃ መንገድ በደንብ ከታጠቡ ይበቁታል፣ ፋብሪካው እኮ ለዛ አየር ጠባይ ነው ሲያመርተው የኖረው። ማርሽ አልገባም ሲልም ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) አያውርዱ፣ መጀመሪያ ከመሪው ወደ ካምቢዮ የሚሄዱትን ዘንጎችና ቡሾቻቸውን እዩ፣ አሥር ጊዜ ከሆነ ዘጠኙ እሱ ነው። ይሄን ለእርሶ ሳይሆን ለሚሰሙን ወጣቶች ነው የምለው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ አንዱን ከህንድ ገዝቼ አዲስ አበባ ለአባቴ ብልክለትስ? ወጣትነቱን በሚሌቼንቶ ነው ያሳለፈው።

ሀሳብህ ልብ ይነካል ወንድሜ፣ ግን አይሆንም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ከልክላለች፣ የህንዱ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ውስጥ ግቢ የቆሙ ሚሌቼንቶና ሴይቼንቶ (ፊያት 600) አሉ፣ ብሩን እነሱን ለማንሳት አውለው፣ መለዋወጫ ከህንድ ማስመጣት ይቻላል፣ ለህንዱ የተሠራው የሞተርና የፍሬን እቃ ለጣሊያኑ 1100 ብዙው ይገጥማል፣ ዓመቱንና ሞዴሉን አመሳክረህ ብቻ እዘዝ። አባትህን ይዘህ ሂድና እሱ ይምረጥ።

ጥያቄ (ወንድማችን ከባንጋሎር)፦ ከሙምባይ የወጣ የድሮ ታክሲ ገዛሁ፣ ጥቁርና ቢጫ ነው። ቀይ ላስቀባው? እቃስ የት ይገኛል?

እባክህ አትቀባው። ካሊ ፒሊ ይሉታል፣ ጥቁርና ቢጫ ማለት ነው፣ ታቹ ጥቁር ጣራው ቢጫ። ሙምባይ ውስጥ ታክሲ ከ20 ዓመት በላይ አይሠራም፣ የመጨረሻዋ ፓድሚኒ ታክሲ የተመዘገበችው በጥቅምት 29 ቀን 2003 ነበር፣ ስለዚህ ጥቅምት 2023 ላይ ዘመኑ አበቃ። ዛሬ የከተማው መንገድ ላይ የለችም። ክሬም ወይ ሰማያዊ የቤት ፓድሚኒ ብዙ አለ፣ እውነተኛ የታክሲ ታሪክ ያላት ግን በየቀኑ እየተቆራረጠች ነው፣ እና አንተ እጅ የገባችውን ቀይ ካደረግካት ከሺዎቹ አንዷ ትሆናለች። ከውጭ የታሰረው ሜትር (የታክሲው ሂሳብ ቆጣሪ) ካለ አታንሳው። ፖርቶመጋላውም ይቆይ። ኮርኒሱ ላይ ያ አበባ አበባ ያለው ፕላስቲክ ካለም ቀድደህ አትጣለው፣ ሹፌሩ ራሱ መርጦ ነው ያሰፋው፣ ቀኑን ሙሉ አናቱ ላይ የሚያየው እሱን ነው። ዝገቱን አውጣ፣ ፍሬኑን አድስ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ብቻ አስነካ። ማደስ ማለት ለኔ መኪናው የኖረበትን ማጥፋት አይደለም፣ በዚህ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር ተጣልቻለሁ።

እቃ ባንጋሎር ጄሲ ሮድ ጠይቅ፣ ካጣህ ቼናይ ፑዱፔት፣ ዴልሂ ካሽሜሬ ጌትና ማያፑሪ፣ ሙምባይ ኩርላና ቾር ባዛር። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ)፣ ፍሬቻ፣ የመስታወት ጎማ ስታገኝ ባያስፈልግህም ግዛ፣ የሞተር እቃ ይገኛል፣ የሚጠፋው ጌጡ ነው። ሕጉን በተመለከተ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሳይለዋወጥ 50 ዓመት ያለፈው መኪና በቪንቴጅነት ይመዘገባል፣ ሰሌዳው ላይ "ቪኤ" የሚል ፊደል ይገባበታል፣ ለየቀኑ ሥራና ለንግድ ግን አይነዳም። ያንተዋ ገና አልደረሰችም፣ ስለዚህ ከታክሲ ወደ ግል የተዛወረችበትን ወረቀት አሁኑኑ አስተካክል፣ ሻጩ ሳይጠፋብህ።

እና ከመንዳትህ በፊት አራቱንም ጎማ አውርደህ የፍሬን ሲሊንደሮቹን ጎማና ወደ ጎማዎቹ የሚወርዱትን ቱቦዎች በሙሉ ቀይር፣ አዲስ የሚመስሉትንም ጭምር።