ያቺ ግማሽ ኢንች

እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እሺ።

ሰላም ናችሁ። ዛሬ አስር ደቂቃ ብቻ ነው የማወራው። አትሳቁ! የኔ አስር ደቂቃ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ባለፈው አንዱ «ለደንበኞችህም እንደዚህ ነው የምትላቸው?» ብሎ ጽፎልኛል። አዎ፣ ለሁሉም እኩል ነኝ። የቤታችን ቧንቧም አሁንም ይንጠባጠባል፤ እሷ ሳሎን ሆና እየሰማችኝ ስለሆነ ይሄን እንለፈው።

ከሐሙስ ጀምሮ ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ።

ምሳ ሰዓት ነው። ባልዲ ገልብጠን ተቀምጠናል። አምስት ነን፤ ትንሹን ከቆጠርነው ስድስት። ትንሹን ታውቁታላችሁ፣ ያ ደብተር ይዞ የሚዞረው። የሰማውን ሁሉ ይጽፋል።

ጨዋታው እንደተለመደው በክርክር ተጀመረ። ቧንቧ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ይጠቅለል ወይስ ቃጫ? ይሄ ክርክር ከኛ በፊት ነበረ፣ ከኛም በኋላ ይኖራል። አንዱ «ቴፍሎን ያፈስብኛል» ሲል ሌላው «አጠቀላለልህ ነዋ!» አለው። ልክ ነው። የጥርሱን አፍ ወደ ራስህ አዙረህ በሰዓት አቅጣጫ ካልጠቀለልከው፣ ስታጠብቅ ተገፍቶ ይወጣል። ትንሹ ጻፈ። ራዲያተር ላይ የምትሠራዋ ደግሞ «ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ አየር ነው፣ አስተንፍሰው። ታቹ ከቀዘቀዘ ግን ዝቃጭ ነው፣ እጠበው» አለች። ጻፈ። መዳብን ከጋልቫናይዝድ ጋር በቀጥታ አታጋጥም፣ መሃላቸው ናስ አስገባ፣ አለዚያ ጋልቫናይዝዱ ይበላል። ይሄንንም ጻፈ።

እኔም የሽታዋን ታሪክ አወራሁ። አዎ፣ ያችን። ግማሽ ቀን የፍሳሽ መስመር ስፈልግ ውዬ፣ የቤቱ አያት ወለሉን ሲወለውሉ ውሃው ወደ መውረጃው ገብቶ ሽታው ጠፋ። ለካ ሲፎኑ ደርቆ ኖሯል! እዚያች ጎባጣ ውስጥ የምትቀረው ትንሽ ውሃ ናት እኮ ሽታውን የምታግደው። ይገርማችኋል፣ ጎባጣዋን ለመጸዳጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1775 ፓተንት ያወጣባት ሰው፣ አሌክሳንደር ከሚንግ፣ ሰዓት ሠሪ ነበር። አስር ደቂቃ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ።

ከዚያ ትልቁ ሰውዬአችን፣ ጋሼ፣ ጀመሩ። «አንድ ቤት የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ይንጠባጠባል አሉኝ። ሦስቴ ተመላለስኩ። በአራተኛው ነደደኝና መውጫው ላይ መድፈኛ ፕላግ አጠበቅኩበት። ይኸው እስከዛሬ ጠብ አላለም!»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። እየሳቅኩ ዞር ስል ትንሹ አልሳቀም። እየጻፈ ነው። ብዕሩን አየሁት። ቀና አለና «ስንት ኢንች ፕላግ?» አለ።

«ግማሽ።»

ግማሽ ያሉት ጋሼ አይደሉም። እኔ ነኝ።

ሳላስብ ነው የወጣኝ። ሰው ስምህን ሲጠራ «አቤት» እንደምትለው። እሱም ጻፋት። ከዚያ ምሳው አለቀ፣ ተነሳን፣ ባልዲዬን አነሳሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ እስከ 65 ብታሞቁት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጨምራል። መግቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ ካለ ወደኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ሲል ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። መፍትሔው ትርፉን የምትቀበል ትንሽ ታንከር መግጠም ነው፣ ወይ የመስመሩን ግፊት መቀነስ፣ ወይ ቫልቩ አርጅቶ ከሆነ መቀየር። መድፈን አይደለም። ቴርሞስታቱ፣ ሙቀቱ ሲበቃ ማሞቁን የሚያቆመው ማለት ነው፣ አንድ ቀን ተጣብቆ አልቆርጥ ቢል፣ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግፊቱ ስለያዘው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይሞቃል። ቦይለሩ የተቀደደ ጊዜ ነው ጉዱ። እንፋሎት ሲሆን ውሃ ከነበረበት 1600 እጥፍ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ቤቱ ያንን ቦታ ከየት ያመጣል?

እርግጥ፣ ቴርሞስታቱ እንቢ ቢል ብዙዎቹ ላይ ሁለተኛ መቁረጫ አለ። ሁሉም ላይ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ለዚህ እኮ ነው ጋሼም የሚስቁት። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም።

እኔ... ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። አንዲት እናት ሦስቴ አስጠሩኝ። በየመሄጃው ወለሉ ርጥብ ነው፣ በየመሄጃው አስር ደቂቃ እላለሁ። ኪሴ ውስጥ ፕላግ ነበረች። መረቁኝ እኮ! «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

በትንሹ ዕድሜ ነበርኩ። ለነገሩ እኔ ደብተር አልነበረኝም። እሱ ይጽፋል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ማንበቡ አይቀርም፣ ከዚያ... አይ፣ ይሄ ማጽናኛ ይሁን ጭንቀት እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ በዚያ በኩል አለፍኩ። መንገዴ ነው ልላችሁ ነበር፣ መንገዴ አይደለም። መስኮቱ ላይ መብራት አለ። ቦይለሩ እስካሁን ተቀይሯል። መቀየር አለበት፤ ቦይለር ይሄን ያህል አይቆይም። የሚቆይም አለ። አላንኳኳሁም። ምን ብዬ? «እማማ፣ ያኔ የመረቁኝ...»

ሰኞ ትንሹን ለብቻው ይዤ ያቺን ገጽ ቅደዳት ልለው አስቤያለሁ። ጋሼ ፊት አልችልም። ይሄንን ፕሮግራም ይሰማ ይሆናል፣ አላውቅም። መቅደዱንስ ይቀደዳል። ግን ልጁ ጠያቂ ነው። «አንተ ግማሽ መሆኑን በምን አወቅክ?» ቢለኝስ?

ማለቴ፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ብለው ያምነኛል። ያምነኛል እኮ፣ እሱ ነው እንግዲህ...

ቆይ። እየጠራችኝ ነው መሰለኝ። አቤት?