ቀዝቃዛ ሞተር ማዳመጥ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት የማወጋችሁ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ከብዙ ዓመት ምኞትና ከስምንት ወር ፍለጋ በኋላ ስለገዛሁት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለተሠራው ጃጓር ኤክስኬ8 መኪና ነው።

ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1996 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ቀርቦ የቀድሞውን የጃጓር ሞዴል ኤክስጄኤስን የተካ ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም ኮቨንትሪ ከተማ በሚገኘው የብራውንስ ሌን ፋብሪካ ነበር። ፊቱን በደንብ ያየ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያው ጄኔቫ ከታየው ከዝነኛው ጃጓር ኢ-ታይፕ የወረሰውን ሞላላ አፍ ወዲያው ይለየዋል፤ ኢ-ታይፕን ግን ዛሬ የሚደፍረው ባለጸጋ ብቻ ነው። ኤክስኬ8 በአንጻሩ 290 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4 ሊትር ቪ8 ሞተር ይዞ ሳለ፣ የሚጠየቅበት ዋጋ ከአንድ መጠነኛ ያገለገለ የቤት መኪና አይበልጥም።

የርካሽነቱ አንዱ ምክንያት ሞተሩ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች የሲሊንደሩ ግድግዳ ኒካሲል በተባለ፣ ኒኬል ባለበት ስስ ልባስ የተሸፈነ ነበር፤ በዘመኑ ቤንዚን ውስጥ የነበረው ድኝ ልባሱን እየበላ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ያዳክመው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በብረት ሽፋን ተተካ። ዛሬ እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን ድኙ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ እስካሁን ጤናማ ሆኖ የዘለቀ ሞተር በዚህ ሰበብ ይጎዳል ብዬ አልሰጋም። ይልቅ የሚያሰጋኝ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን የሞተሩን ሰንሰለት ወጥሮ የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ፕላስቲኩ በዕድሜና በሙቀት ሲሰነጠቅ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ላልቶ ጥርስ ከዘለለም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ በቅጽበት ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ሲሆን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ላይሰማ ይችላል።

የመጀመሪያውን መኪና ልመለከት በሄድሁበት ቀን እጄን ኮፈኑ ላይ ባሳርፍ ትኩስ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ክፉ አሳብ ነበረው አልልም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ማለዳ ተመልሼ ላዳምጠው ብጠይቀው ስላልፈቀደ፣ ቀለሙን እጅግ ወድጄው ሳለ ትቼው ተመለስሁ። ሌላኛውን የተውሁት ገና ከቤቴ ሳልወጣ ነው፤ እኛ ቦሎ ከምንለው ጋር የሚመሳሰለው የዚህ አገር ዓመታዊ ምርመራ ውጤት በሰሌዳ ቁጥር ብቻ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስለሚታይ፣ መርማሪዎቹ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ስለ ወለሉ ዝገት የጻፉትን አነበብሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ካየኋቸው ሁሉ ውዱን ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ ደረሰኞቻቸውን በዓመት በዓመት ለይተው አስቀምጠዋል፤ የሰንሰለቱ መወጠሪያ በብረት መቀየሩን የሚያሳየውንም አውጥተው ሰጡኝ። ውርጭ በነበረበት ማለዳ ቁልፉን ሲያዞሩ አጠገባቸው ቆሜ አዳመጥሁ፤ ሞተሩ ያለ አንዳች ኳኳታ ተነሣ፤ የሆዴም ፍርሃት ያን ጊዜ ለቀቀኝ።

ከደረሰኞቹ መካከል ያጣሁት የካምቢዮውን ዘይት ብቻ ነው። መኪናው አዲስ ሳለ ይህ ዘይት መቀየር አያስፈልገውም ይባል ነበር፤ የካምቢዮው ሠሪ ዜድኤፍ ግን በየጊዜው እንዲቀየር ይመክራል። ጋራዥ የያዝሁት ቀጠሮ ለመጪው ማክሰኞ ነው።