ድንጋይ ልቀቁና እስከ ሰባት ቁጠሩ፦ በጉድጓድ ውስጥ የበቀለ ደንና የጠፋ ዓለም ታሪክ

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን፤ ከዚያ ከላይ የታየ የጉድጓድ አፍ]

ጠርዙ ላይ ቁሙ፣ አንድ ድንጋይ ልቀቁና ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ድምፁ ጆሯችሁ የሚደርሰው ሰባት ልትሉ ስትቃረቡ ነው። ድንጋዩ 192 ሜትር ለመውደቅ ከስድስት ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል፤ ድምፁ ሲመለስ ሌላ ግማሽ ሰከንድ ይጨምራል።

192 ሜትር የፈጠርነው ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግሺ ክልል ሌዬ በተባለ ስፍራ አሳሾች የወረዱበት ጉድጓድ ጥልቀት ነው። ርዝመቱ 306 ሜትር፣ ስፋቱ 150 ሜትር። ታች 40 ሜትር የሚጠጉ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለው ቁጥቋጦ የሰው ትከሻ ይደርሳል። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ቲያንኬንግ ይሉታል፤ የሰማይ ጉድጓድ ማለት ነው። ከሁሉም ትልቁ ሻውጃይ ሲሆን 662 ሜትር ይጠልቃል።

ድሬ ዳዋም ሆነ ሐረር ሆናችሁ ኮሚክ ለምትስሉ፣ ልብ ወለድ ለምትጽፉ፣ ጌም ለምትሠሩ ይህ ጉድጓድ ትልቅ ሀብት ነው። ብዙ ሰው ግን የጠፋ ዓለም ታሪክ፣ ማለትም ከሰው ዓይን ተሰውሮ የኖረ ምድር ታሪክ፣ ሲያስብ ከአውሬው ይጀምራል። እኛ ከድንጋዩ ጀምሩ እንላለን። ድንጋዩ በትክክል ከተቀመጠ ብርሃኑን፣ ዛፉን፣ አውሬውንና አደጋውን ራሱ ይወስንላችኋል።

[ምስል፦ ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ቢላ፣ ግማሽ ሎሚ]

ለድሬ ልጅ የኖራ ድንጋይ እንግዳ አይደለም፤ የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ እሱ ነው። አንድ ቁራጭ አንሡ፣ ፊቱን በቢላ ፋቁና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨምቁበት። ደቃቅ አረፋ እያወጣ ይፈላል። ሳይፋቅ ቢጨመቅበት ላይታይ ይችላል፣ ዱቄቱን አትዝለሉት። ዝናብም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆንና በስንጥቁ እየሰረገ ድንጋዩን ያሟሟዋል። አሲዱ ከሎሚ እጅግ ስለሚደክም ሥራው ብዙ ሺህ ዓመታት ይወስዳል። ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል፣ ዋሻው አዳራሽ ይሆናል፣ የአዳራሹ ጣሪያ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ይደረመሳል።

ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የወደቀው ጣሪያ የት ገባ? ተጠራርጎ ካልተወሰደ ፍርስራሹ አዳራሹን መልሶ ይሞላዋል፣ ጉድጓድ የሚባል ነገርም አይኖርም። ናዳውን እየፈጨና እያሟሟ የሚወስድ የመሬት ውስጥ ወንዝ የግድ ያስፈልጋል። ካርታችሁን ስትስሉ ከጉድጓዱ በፊት ወንዙን ሳሉ፤ በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ። ኋላ ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል።

ቦታውን ወደ እኛ ማምጣት ከፈለጋችሁ ከድሬ ዳዋ ቆላ ይልቅ የምዕራብ ሐረርጌን ደጋ ምረጡ። መቻራ አካባቢ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እውነተኛ ዋሻዎች አሉ፤ ተመራማሪዎችም ከዋሻዎቹ በወሰዱት ድንጋይ የጥንቱን ዝናብ አጥንተዋል። በእነሱ ላይ የፈጠራ ጉድጓድ ብትጨምሩ አንባቢ ያምናችኋል።

[ምስል፦ የጉድጓዱ ቁርጥ ሥዕል፣ ፀሐይ ከምሥራቅ]

አሁን ብርሃኑ። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ 192 ሜትር ጥልቅ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 150 ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ውሰዱ። ፀሐይ ከአድማስ 52 ዲግሪ ካልወጣች ጨረሯ ወለሉን አይነካም። በመስከረም አጋማሽ በእኛ ሰማይ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚበራው የምዕራቡ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። ብርሃኑ እየሰፋ ሄዶ እኩለ ቀን ላይ አብዛኛውን ወለል ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሥር ይጠብና ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል። ላይ ገና ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ታች ግን መሽቷል። ገጸ ባሕርያችሁ ያላቸው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ምዕራፎቻችሁን በዚህ ሰዓት ከፋፍሉ።

ዛፎቹ የሚረዝሙትም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ወደዚያች ብርሃን ይሽቀዳደማል። ነፋስ አይሰብራቸውም፣ መጥረቢያና ፍየል አይደርስባቸውም፣ እርጥበቱም ታች ይተኛል። ዘሩ ግን መምጫ ሊኖረው ይገባል፦ ነፋስ፣ ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ። ሾላና ዋርካ ለእኛ ጉድጓድ የሚስማሙት ፍሬያቸውን ወፍና የሌሊት ወፍ ስለሚበሉት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከጀጎል ጋር ይመሳሰላል። ጀጎል አምስቱን ጥንታዊ በሮች ዘግቶም ለጅቡ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። የእናንተም ግንብ ማን በየት ቀዳዳ እንደሚገባ በትክክል ይታወቅ። የሌዬው ጉድጓድ ሦስት የዋሻ አፎች ነበሩት።

አውሬውን በሚመለከት ቁርጥ ያለ አስተያየት አለን፦ ግዙፍ አውሬ አታስገቡ። ያ ወለል ሞላላ ቢሆን አምስት የእግር ኳስ ሜዳ ቢያክል ነው፤ አንድ ነብር እንኳን ለአደን በርካታ ካሬ ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። እዚያ በረሃብ ያልቃል። ይልቅ ወደ ጥቃቅኑ ተመልከቱ። በጎረቤታችን ሶማሊያ ከመሬት በታች በሚኖር ውሃ ውስጥ ዓይንም ቅርፊትም የሌለው ዓሣ አለ። ባትሪ ሲበራበት የማያይ፣ የውሃውን ንቅናቄ ግን የሚሰማ ፍጥረት ከየትኛውም ዘንዶ የበለጠ ቆዳ ያሳክካል።

[ምስል፦ በድንጋይ ጠርዝ ላይ የሚፋተግ ገመድ]

ለመውረድ ብዙም የማይለጠጥ የዋሻ ገመድ ያስፈልጋል፤ አሥር ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው 200 ሜትር ገመድ 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሲርስ ይብሳል። የሚለጠጥ ገመድ ከሆነ ሰውየው በወጣና በወረደ ቁጥር እየነጠረ ጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ይፋተጋል። ስለዚህ ከጠርዙ ሥር ወፍራም ሸራ ይነጠፋል፣ ዝቅ ብሎም ገመዱ ድንጋይ በማይነካበት ቦታ ዳግም ይታሰራል። ቶሎ ልውረድ ያለ ሰው መውረጃው ብረት ይግልበትና ገመዱን ያቃጥላል። መውጣቱ ደግሞ ለአንድ ሰው 45 ደቂቃ ይፍጅ እንበል፤ አምስት ቢሆኑ የመጨረሻው ሰው ሦስት ሰዓት ብቻውን ታች ይጠብቃል። ቃል ስለማይሰማ በፊሽካ ይነጋገራሉ፦ አንድ ማለት ቁም፣ ሁለት ማለት ወደ ላይ፣ ሦስት ማለት ወደ ታች።

ያ ብቻውን የሚጠብቀው ሰው ነው ወንዙን የሚያገኘው። ድሬ ዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ደርቆ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ከተማችን ላይ የጣለው ሐዘን ገና አልተረሳም። ታች ያለ ሰው የሚያየው ሰማይ ደግሞ የጉድጓዱን አፍ ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ ከዋሻው አፍ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገፋዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ድምፁ ይወፍራል። ምልክቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዓይኑ ሥር ነበር፤ ድንኳኑን ከተከለበት ዛፍ፣ ከራሱ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፉ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሣርና ጭቃ።

[ምስል፦ ቅርንጫፉ። የፊሽካ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ።]