የሚሸተው ዩሪያችን ነው
(ቢሾፍቱ ውስጥ ለወተትና ለእንቁላል አምራቾች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ። የተከበራችሁ አምራቾች፣ የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ደግሞም በሩ አካባቢ የተቀመጣችሁ ጎረቤቶቻችን። እናንተ የመጣችሁት ልትሰሙን ሳይሆን ስለ በረታችን ሽታ ልትከሱን እንደሆነ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ።

እኔ 10 የወተት ላሞችና 400 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ግቢዬ ጠባብ ናት። ከ3 ዓመት በፊት አጥር የምንጋራቸው እትዬ ቡና ጠሩኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል። ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሏል። በዚያ ሙቀት! «ምነው እትዬ፣ አይከፍቱትም?» አልኩ እንደ ዋዛ። ተነሡና ከፈቱት። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዕጣኑ ጠፋ፣ የኔ በረት ገባ። ቶናውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መልሴ አንድ ነበር። «ከብት ያለበት ቤት ይሸታል፤ ምን ይደረግ?» እዚህ ስንቶቻችን እንዲህ እንደምንል እጅ አውጡ አልልም።

ግን እስቲ አስቡት። አያቴ የኖረችው በእበት በተለቀለቀ ቤት ነው። አውድማውም በእበት ይለቀለቅ ነበር። እህል የሚወቃበት! እበት በባሕርዩ የሚከረፋ ቢሆን ማን እህሉን እላዩ ላይ ያፈስ ነበር? ስስ ሆኖ ተለቅልቆ የደረቀ እበት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አዛባው ነው። እበት፣ ሽንትና ውሃ አንድ ላይ ተቦክቶ የሚከርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላም ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። አዎ፣ ያው በኩንታል የምንገዛው ዩሪያ። እበቱ ውስጥ ደግሞ ዩሪያን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ሁለቱ ሲገናኙ በሰዓታት ውስጥ አሞኒያ ይፈጠርና ወደ አየር ይበናል። ከአሞኒያው ጋር የሚሄደው ሰብሉን የሚመግበው ናይትሮጂን ነው። ከገበያ ከምንገዛው 100 ኪሎ ዩሪያ 46ቱ ናይትሮጂን ነው፤ ዋጋውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ እትዬ መስኮቱን ሲከፍቱ የገባው የኔ ማዳበሪያ ነበር። በነጻ እየላክሁላቸው ነበር፤ እሳቸውም አልፈለጉትም።

አንዲት ትልቅ የዲቃላ ላም እበቷና ሽንቷ ተደምሮ በቀን ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል። 10 ላም ማለት በወር 90 ኩንታል ነው። ወተቱን በሊትር እንቆጥራለን፤ ይህን ግን የሚቆጥረው የለም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሽንቱንና እበቱን ማለያየት ነው። የበረቱን ወለል ትንሽ አዘቀዘቅሁት፤ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ያህል። ሽንቱ በጠባብ ቦይ ወርዶ ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀማል። በውሃ አቅጥነን ለጓሮው እንጠቀምበታለን። እበቱ ጠዋትና ማታ በአካፋ ይነሣል እንጂ በውሃ አይታጠብም። ሠራተኞቼ መጀመሪያ አኮረፉ። የውሃ ጎማ ይቀላላ! ጎማውን ደበቅሁት፤ አሁንም የት እንዳለ አልነገርኳቸውም።

ሁለተኛው ጠላት ከላይ የሚመጣው ነው። ይህን ማንም አይጠረጥረውም። የበረታችሁ ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። በአንድ ዝናብ ብቻ! አሸንዳ ከሌላችሁ ይህ ሁሉ እበቱ ላይ ነው የሚፈሰው። ክረምት ላይ «ዘንድሮ ሽታው ባሰ» የምንለው ላሞቹ ተለውጠው አይደለም። አሸንዳ ግጠሙ፣ ክምሩን በላስቲክ ሸፍኑ። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ እኔ ግን ያደረግሁት በመጨረሻ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሌላም የተሳሳትነው ነገር አለ። ብዙዎቻችን አዛባውን የምንዝቀው ሲመሽ ነው፤ ሰው እንዳያይ። ሌሊትና ማለዳ ግን አየሩ ቀዝቅዞ መሬት ላይ ይተኛል። ንፋስ የለም። ሽታው ሳይበተን ቁልቁል እየተንሸራተተ ጎረቤት ቤት ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ከሆነ አየሩ ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሽታውንም ይበትነዋል። ስለዚህ በቀን ሥሩ። ሰው ቢያይ ይየን።

ወደ ዶሮዎቹ ልምጣ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ጉዝጓዙ ከረጠበ አሞኒያ፣ ከደረቀ አቧራ። የዶሮ ቤት አቧራ ተራ አፈር አይደለም። የላባ ብናኝ፣ የመኖ ዱቄትና የደረቀ ኩስ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። መለኪያ መሣሪያ ባይኖራችሁ እጃችሁ አለ። ጭድ ወይም ሰጋቱራ የሆነውን ጉዝጓዝ ጨብጡት። ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ረጥቧል። ጨርሶ ካልያዘና ከቦነነ ደርቋል። ትንሽ ይዞ ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። ደግሞ ጠዋት ስትገቡ ቁጢጥ በሉ። ዶሮ የምትተነፍሰው እዚያ ታች ያለውን እንጂ በእኛ አፍንጫ ቁመት ያለውን አይደለም። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ እሷን ቀድሞ ጎድቷታል፤ እንቁላሏ የቀነሰውም በመኖው ላይሆን ይችላል። የሚያንጠባጥበውን የውሃ ቧንቧ ጠግኑ፣ መስኮቱን ክፈቱ። ጉዝጓዝ ስታወጡ በትንሹ ውሃ አርከፍክፉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በአጥሩ ጥግ ሰስባንያ ወይም ጽድ ትከሉ፤ ቅጠሉ አቧራውን ይይዛል፣ ሰስባንያው ደግሞ ለላሞቹ መኖ ይሆናል።

ዝንብ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። በሳምንት ሁለቴ የሚጸዳ ቦታ አያሳድገውም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ የእበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይወርድ። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። ከአየር ይከብዳል፤ ታች ይተኛል። በጣም ሲበዛ ደግሞ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል፤ ሰውየው «ሽታው ሄደ» ብሎ ሲወርድ ይወድቃል። ሊያወጣው የወረደውም አብሮት ይቀራል። አካፋችሁ ቢወድቅ ይቅር።

ስለ ባዮጋዝ፣ ከእበት ስለሚወጣው የማገዶ ጋዝ፣ የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው አለ። ጥሩ ነው፤ 4 ላም ያለው ቤተሰብ ትንሿን ማብላያ ያስኬዳል። ግን እበቱና ውሃው እኩል በእኩል በየቀኑ መግባት አለበት። በየቀኑ ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን አታፍስሱ፤ ሥራ ያቆሙ የማብላያ ጉልላቶች አይቻለሁ። ለኔ የቀለለኝ ብስባሽ ነው። እበቱን ከጭድ ጋር አነባብራለሁ፤ የዶሮ ኩስ ከሆነ ጭዱን አበዛለሁ። ክምሩ መሃል ብረት እሰካለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሳወጣው መያዝ ካቃጠለኝ ሥራውን እየሠራ ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የአረም ዘሩም ብዙው ተሕዋስም ይሞታል። አሁን አትክልት አምራቾች ከደጄ በማዳበሪያ ከረጢት ይወስዳሉ።

ከተማችንን ደግሞ እናውቃታለን። ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የሚወጣ ወንዝ የላቸውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዛሬ በቦይ የለቀቅነው አዛባ ሐይቁ ላይ ከደረሰ አረንጓዴውን አልጌ ይቀልበዋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ዓሣውም ያልቃል። ኢሬቻ የሚከበርበትን ውሃ የኛ በረት ማራዘሚያ ልናደርገው አይገባም።

ለከተማው ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ቅጣቱን እየጻፋችሁ ነው፤ ጻፉ። ግን ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው ክምሩን የት ይውሰደው? የጋራ የብስባሽ ቦታ ከጠየቅን ቆየን። ቦታውን ስጡን፤ ጋሪውን እኛ እናዋጣለን።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በሬ ክፍት ነው። በረቱን፣ ቦዩንና ክምሩን ታያላችሁ። ወደ ዶሮዎቹ ግን አላስገባም፤ በሽታ በጫማ ይመጣል። ስትጨርሱ እትዬ ቡና ያፈላሉ። መስኮታቸው ክፍት መሆኑን ያኔ እናያለን።

አመሰግናለሁ።