ሁለት ዓመት አይበቃም

ውድ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፣

የተጠራሁት ጥናታችሁን የት ጆርናል ላይ ብታሳትሙ እንደሚሻል እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ደብተር ላውራ።

ሬቪስታ ዴ ፊሎሎኺያ ኤስፓኞላን በሚገባ ታውቁታላችሁ። ራሞን ሜኔንዴዝ ፒዳል እ.ኤ.አ. በ1914 ማድሪድ ላይ የመሠረተው የስፓኒሽ ቋንቋ ጥናት ጆርናል ነው። በ1915 አንድ የድምፅ ፊደል አተመ። የስፓኒሽ ዘዬዎችን እንደሚነገሩ አድርጎ ለመጻፍ የወጣ ፊደል ነው። እናንተም የመጀመሪያ ዓመት ላይ ስትለማመዱት እጃችሁ ዝሎ ነበር፣ አልረሳሁትም።

በኋላ የድምፅ አጥኚው ቶማስ ናቫሮ ቶማስ የአይቤሪያ ልሳነ ምድርን የዘዬ አትላስ፣ ማለትም ቃላት በየአካባቢው እንዴት እንደሚነገሩ የሚያሳየውን የካርታ መጽሐፍ፣ መምራት ጀመረ። አጥኚዎቹ መንደር ለመንደር ዞሩ። ገበሬውን "ይሄን ምን ትሉታላችሁ?" እያሉ መልሱን በዚያ ፊደል ጻፉ። አንዱ አኒባል ኦቴሮ ነበር። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ተያዘ። ደብተሩ ሲገለጥ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ እንግዳ ምልክት ሞልቶታል። "የስለላ ኮድ ነው" ተባለ። ኮድ! የገበሬ አፍ ነበር እኮ! አንዲት አናባቢ ምን ያህል እንደምትከፈት የሚያሳይ ምልክት ነበር። ኦቴሮ ዓመታት እስር ቤት ማቀቀ።

ናቫሮ ቶማስም ተሰደደ፤ ደብተሮቹን ይዞ አሜሪካ ገባ። የአትላሱ የመጀመሪያ ቅጽ የታተመው በ1962 ነው።

አሁን የጆርናል ደረጃ የሚለካበትን ቁጥር፣ ኢምፓክት ፋክተርን፣ አምጡ። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ለጽሑፎቹ ብዛት አካፍሉት። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ሒሳብ የ1915ቱ ፊደል ከ1917 በኋላ የለም። ሰው የታሰረበት ፊደል፣ አትላስ የተጻፈበት ፊደል፣ ዋጋው ዜሮ!

እኔም አንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ፊት ቀርቤያለሁ። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልገለጠውም። አንደኛው አባል የጆርናሎች ደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ጣቱን አሳርፎ "ጆርናሉ ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ነው" አለኝ። በደረጃ ከግማሽ በታች ነው ማለቱ ነበር። ስድስት ዓመት በአንድ ጣት! ክቡራን፣ መጀመሪያ አንብቡ! ያላነበባችሁትን አትመዝኑ!

በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስለ ምርምር ምዘና የተረቀቀው መግለጫም ተመራማሪን በጆርናል ቁጥር አትለኩ ይላል። ስንቱ ተቋም ፈረመ፣ ስንቱስ ተገበረ?

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። የምታጠኑትን ዘዬ የሚያውቁ ሰዎች የሚያነቡት ጆርናል ላይ አሳትሙ። በስፓኒሽ ለመጻፍም አትፈሩ። ገምጋሚ ሲያዘገይባችሁ ታገሡ።

የ1962ቱን ቅጽ ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቼ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከሻይ በፊት ኑና ግለጡት። እጃችሁን ግን ታጠቡ።