የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዮጋ፣ ቀንበር እና የሚያታልል ጆሮ

በዚህ ሳምንት በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው «ዩጅ» በሚለው የሳንስክሪት (የጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ) ግሥ ሥር ዙሪያ ነበሩ። የቋንቋ ባለሙያችን የሰጡት መልስ እነሆ።

«ዮጋ» ማለት መዘርጋት ነው ወይስ መዋሐድ? (ከአዲስ አበባ)

መዘርጋትስ አይደለም፤ እሱ የአሠልጣኙ ትእዛዝ ነው። የ«ዩጅ» መነሻ ትርጉም መጥመድ ነው። በቬዳ (በጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት) መዝሙሮች ፈረስ ከሠረገላ ሲጠመድ የሚነገረው በዚህ ግሥ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። «ጠመደ»ን ያዙልኝ። ገበሬው በሬ ይጠምዳል፣ ሁለቱ በሬዎች ጥማድ ይባላሉ፣ ሥራ የበዛበት ሰው «ተጠምጃለሁ» ይላል፣ አዳኙ ወጥመድ ያኖራል። በሬ በሌለበት ሁሉ ቃሉ ደርሷል። ሳንስክሪትም ከቀንበሩ ተነሥቶ ማያያዝ፣ መመደብ፣ ሥራ ላይ ማዋል፣ ሐሳብን መሰብሰብ ድረስ ሄዷል። (ሁለቱ ቃላት የሄዱበት መንገድ ተመሳሰለ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። እባካችሁ!)

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥሩ «ዩጅ» ነው። አናባቢው ይጠነክርና «ዮጅ» ይሆናል፤ ስም የሚያወጣው «አ» ሲጨመርበት «ጅ» ወደ «ግ» ይለወጣል፤ ዮጋ። «ት» ከተከተለው ግን «ክ» ይሆናል፤ ዩክታ፣ ማለትም የተጠመደ፣ የተገባ። «ይጠምዳል» ለማለት በሥሩ መሐል «ና» ይሰነቀራል፤ ዩናክቲ። በሳንስክሪት መዝገበ ቃላት ግሦች የሚገኙት በሥራቸው ስለሆነ «ዩናክቲ»ን «ዩን» ላይ ብትፈልጉ ቀኑ ይመሽባችኋል። «ና»ዋን አውጡ፣ «ክ»ን ወደ «ጅ» መልሱ፣ ከዚያ ግለጡ።

ቃሉ ራሱ «ከአምላክ ጋር መዋሐድ» ማለት ስለሆነ መሥራቱ ኃጢአት ነው ይሉናል። (ከሐዋሳ)

«ከአምላክ ጋር» የሚለው በቃሉ ውስጥ የለም። በጥንቱ የሳንስክሪት ሊቅ በፓኒኒ ሰዋስው ትምህርት የሚታወቀው የሥሮች ዝርዝር፣ ዳቱፓታ፣ «ዩጅ»ን ከአንድ ቦታ በላይ ይመዘግበዋል፤ አንደኛው ማያያዝ፣ ሌላኛው ሐሳብን ሰብስቦ ማጽናት፣ ማለትም ሳማዲ። የዮጋን መሠረታዊ መጽሐፍ፣ የፓታንጃሊን የዮጋ ሱትራ፣ የሚያብራራው ጥንታዊ ሐተታ «ዮጋ ሳማዲ ነው» ብሎ ይጀምራል። «መዋሐድ» የሚሉ ሌሎች የሕንድ መምህራንም አሉ። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ግን የግሥ ሥር አይፈርድም። ለንስሐ አባትዎ ወይም ለኡስታዝዎ ያቅርቡት፤ እኔ ጋ የተሳሳተ ቢሮ ገብተዋል።

«ዮግ» ነው «ዮጋ»?

ሂንዲ የመጨረሻዋን አጭር «አ» ይጥላታል፤ ዮግ። በሳንስክሪት ትነበባለች፣ ያውም «ጋ» ሳይሆን ወደ እኛ ግዕዝ ድምፅ ወደ «ገ» የቀረበች ናት።

ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩ ሕንዶች «ኡፕዮግ»፣ «ፕራዮግ»፣ «ኡድዮግ» ይላሉ። ከዮጋ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል እኅቴ፣ ሁሉም የ«ዩጅ» ልጆች ናቸው። ፊት ለፊታቸው የተቀጠለው ነው የሚለያቸው። ኡፕዮግ መጠቀም ነው፤ «ኡፕዮግ ካሮ» ካሉሽ «ተጠቀሚበት» ማለታቸው ነው። ፕራዮግ ሙከራ፣ ኡድዮግ ኢንዱስትሪ፣ ሳህዮግ ትብብር፣ ሳንዮግ አጋጣሚ፣ ቪዮግ መለያየት፣ አብሂዮግ ደግሞ ክስ ነው። አዮግ ኮሚሽን ሲሆን፣ በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የሕንድ መንግሥት ተቋም «ኒቲ አዮግ» የሚባለው በዚሁ ቃል ነው። ቅጥያውን አይቶ ትርጉሙን መገመት ግን አይሠራም፤ ትብብር ከክስ የሚለየው በፊት ቅጥያው ብቻ ነው። አንድ በአንድ ያዢያቸው።

በሂንዱ ትውፊት «ካሊ ዩጋ» የሚባለው ዘመን የካሊ አምላክ ዘመን ነው?

አይደለም። ጆሮ ምስክር አይሆንም የምለው ለዚህ ነው። «ዩጋ» የዚያው «ዩጅ» ልጅ ነው፤ ቀንበር፣ ጥንድ፣ ትውልድ፣ ዘመን። የዘመኗ «ካሊ» አጭር አናባቢ ያላት በዳይስ ጨዋታ የመጨረሻዋ የሽንፈት ጥል ናት። የሴቷ አምላክ «ካሊ» በረጅም አናባቢ ሌላ ቃል ናት። በእኛ ፊደል «ከሊ» እና «ካሊ» ብንጽፋቸው ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልኖረ። በትውፊቱ የዘመኑ ርዝመት 432,000 ዓመት ነው።

ሂንዲ «ጁዋ» ቀንበር ነው ቁማር?

ሁለቱም። ቀንበሩ ከ«ዩጋ»፣ ቁማሩ «ድዩታ» ከሚለው ሌላ ቃል የመጡ ናቸው። ድምፃቸው በመንገድ ላይ ተገጣጠመ። በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ እንዲህ ነው!

ሳንስክሪት ከግዕዝ መውጣቱን የሚያሳዩ አርባ ቃላት ሰብስቤአለሁ፤ ለምሳሌ «ጫማ» እና የሂንዲው «ቻምራ» (ቆዳ)። በቴሌግራም ልለቀው ነው። (ከመቀሌ)

ወንድሜ፣ ጣትዎን ከስልኩ ላይ ያንሱና ያዳምጡኝ።

ይህ ልማድ ጉዳት አለው። ዝርዝሩ ይለቀቃል፣ ተማሪው የቤት ሥራው ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዓመት በኋላ «ሕዝቡም ከዚህ ወጣ» የሚል ሰው ይመጣል። ማስረጃው ግን ጆሮ ብቻ ነበር፤ ጆሮ ደግሞ ምስክር አይሆንም።

መጀመሪያ የቃሉን ጥንታዊ መልክ ይፈልጉ። «ቻምራ» መጨረሻው ላይ ያለው «ራ» የሂንዲ ቅጥያ ነው፤ ሲያወልቁት «ቻም» ይቀራል፣ ከዚያ በፊት በፕራክሪት (በሳንስክሪትና በሂንዲ መካከል ባለው የቋንቋ ደረጃ) «ቻማ» ነበር። አዎ፣ የባሰ መሰለ! አንድ እርምጃ ደግሞ ይሂዱ፤ ሳንስክሪቱ «ቻርማን» ነው። የመሰለዎት ድምፅ በ«ር» መዋጥ ኋላ የተፈጠረ ነው። በእኛ በኩልስ? አማርኛ «የእግር ጫማ» ሲል የውስጥ እግርን ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰውም ጫማ አለው። ቆዳው የት አለ?

ቀጥሎ፣ የድምፅ ለውጡ በአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ሊደጋገም ይገባል። የሳንስክሪት «ይ» በግሪክ «ዝ» ሆኖ ይገኛል፤ «ዩጋ» በግሪክ «ዙጎን» ነው፣ ቀንበር። ሳንስክሪት «ያቫ» (ገብስ) ሲል ግሪክ «ዜያይ» (የስንዴ ዓይነት) ይላል። አንድ ጊዜ ከሆነ አጋጣሚ ነው፤ ሲደጋገም ሕግ ነው። የእርስዎ የሂንዲ «ች» በአማርኛ «ጭ» የሚሆንበት ሌላ ቃል ካለ ያምጡልኝ።

ሦስተኛው፣ ቃሉ የተጓዘበት መንገድ ይታይ። ሰንደል ከሳንስክሪት «ቻንዳና» ተነሥቶ በዐረብኛው «ሰንደል» በኩል ነው የደረሰን፤ እንጨቱም በነጋዴ እጅ ስለመጣ መንገዱ ግልጽ ነው። ዝንጅብልም እንደዚሁ፤ በፓሊ (በሌላ ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ) «ሲንጊቬራ»፣ በዐረብኛ «ዘንጀቢል»። ጫማን ግን በየት በኩል አመጡት?

አሁን የሚገርምዎትን ልንገርዎት። ከዮጋ ጋር የምር ሥር የሚጋራ ቃል በየቀኑ ከአፋችን አይጠፋም፤ «ዘውግ» ነው። የግሪኩ «ዘውጎስ» ጥንድ፣ በተለይም አብሮ የተጠመደ ጥንድ ማለት ነው፤ ከ«ዙጎን» ጋር ወንድማማች ነው። ወደ አራማይክ «ዘውጋ» ሆኖ ገባ፣ በግዕዝ «ዘውግ» (ጥንድ፣ ባልንጀራ) ሆነ። ባልን «ዘውጅ» የሚለው የዐረብኛ ቃልም ከዚያው ነው። ዛሬ ሰዎችን ለመለያየት የምንጠቀምበት ቃል አንድ ቀንበር የተሸከሙ ጥንዶች ነበር። «ዘውግ» እና «ዮጋ» ለጆሮ ይመሳሰላሉ? በፍጹም። ከአርባው ሁለት ሦስት ቢተርፍልዎት ደስ ይበልዎ፤ ከመልቀቅዎ በፊት ደግሞ የሴም ቋንቋዎችን የተማረ ሰው ያሳዩት።

ስኳርም ከሕንድ ነው?

አዎ፤ «ሻርካራ»፣ መጀመሪያ ጠጠር ማለት ነበር።

ክንዴ ላይ «ዮጋ» በሕንድ ፊደል ልነቀስ ነው፤ ከኢንተርኔት አወረድኩት። ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ከዋሽንግተን)

ልጄ፣ በዴቫናጋሪ (ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል) «ዮ» ከ«ያ» የሚለየው ከላይ በተጨመረች አንዲት ጭረት ነው። ነቃሹ ጌጥ መስላው ከዘለላት «ያጋ» ይሆናል፤ ያጅ ከሚለው ሌላ ሥር የመጣ ነው፣ መሥዋዕት ማለት ነው። «ዩክታ»ን ከመረጥሽ ደግሞ «ክ» እና «ታ» ተጣብቀው አንድ ቅርጽ መሥራት አለባቸው፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ይለያያቸውና ከ«ክ» ሥር ሰያፍ ጭረት ይጥላል፤ ከመስመሩ በላይና በታች ያለውን ሁሉ በማጉያ እይው። ፊደሉን አንብቦ ላደገ ሰው በወረቀት አሳዪው፤ ምን እንደሚል ሳትነግሪው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ከዚያ በፊት መርፌው አይነካሽ።